ባዶ መሬት አልነበረም፦ የጣና ዳርቻና የባሕር ዳር አሰፋፈር ከ1928 እስከ 1967



ዛሬ የምናገረው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አይደለም፤ እሱን ሌሎች በሚገባ ተናግረውታል። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ዝቅ ይላል። በጣና ዳርቻ ሰው ጎጆውን የት ቀለሰ? የት አረሰ? የት ከብቱን አሰማራ? የትስ ለመስፈር ፈራ? ለምን? ጊዜው ጣልያን አገራችንን ከወረረበት ከ1928 ጀምሮ የገጠር መሬት አዋጅ እስከ ታወጀበት እስከ የካቲት 1967 ያለው ነው። ዓመታቱን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ይህን ዘመን የመረጥኩት ዛሬ የምናያት ባሕር ዳር ዋና ዋናው አካሏ የተቀረጸው ያኔ ስለሆነ ነው። መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ፋብሪካው፣ ኮሌጁ፣ መብራቱ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ከእነሱ በፊት የነበረው አሰፋፈር ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በሰፈሮቻችንና በአጥቢያዎቻችን ስም፣ በእግር መንገዶቻችን ውስጥ አለ።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። በእነዚያ ዓመታት በጣና ዳርቻ ባዶ መሬት የሚባል አልነበረም። ባዶ የመሰለው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። ከውጭ የመጣ መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም፣ በኋላም የራሳችን ባለሙያ «እዚህ ማንም የለም» ባለ ቁጥር አንድ ሰው ወይም አንድ ሥርዓት ተነቅሏል።

ለዘመኑ ምስክር አናጣም። አንዱ ሮበርት ቺዝማን ነው። በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረ ሰው ነው። ጣናን ዞሮታል፤ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ጎብኝቷል፤ የአባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ካርታ አንስቷል። ጉዞውን የጻፈበት መጽሐፍ የወጣውም ልክ በወረራው ሰሞን ነው። ሁለተኛው ምስክር የአየር ፎቶግራፍ ነው። የጣልያን ጦር በወረራው ዓመታት ከአውሮፕላን ያነሳቸው ብዙ ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ተከማችተው ቆይተው በቅርብ ዓመታት በተመራማሪዎች እጅ ገብተዋል። በ1950 ገደማ ደግሞ የአባይ ተፋሰስ በአሜሪካኖች ድጋፍ እንደገና ከአየር ተነስቷል። ሦስተኞቹ ምስክሮች በየአጥቢያው ያሉ ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ፎቶው የመሬቱን መልክ ያሳያል፤ ስሙንና ባለቤቱን የሚናገሩት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።

ከሐይቁ እንነሳ። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስፋቱን ያየ ሰው መጨረሻ የሌለው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣው አባይ ብቻ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። እንደ ፎገራና እንደ ደምቢያ ባለ ሜዳ ላይ ግን አንድ ሜትር ውሃ ከፍ ሲል ብዙ ኪሎ ሜትር መሬት ይውጣል፤ ሲወርድም ያንኑ መሬት መልሶ ይሰጣል።

የዳርቻው ኑሮ በዚህ ሙላትና ጉድለት ላይ የተመሠረተ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው እርጥበቱን ተከትሎ ሽንብራና ጓያ ይዘራል። እርጥበቱ እያነሰ ሲሄድ ለምለሙ ሣር የከብት ይሆናል፤ የፎገራ ከብት ዝና ያተረፈው በዚህ ግጦሽ ነው። በ1956 አንዳሳ ላይ የተቋቋመው የከብት እርባታ ጣቢያም ይህንኑ የፎገራ ዝርያ ይዞ የተነሳ ነው። ዛሬ ፎገራ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ሩዝ ያን ጊዜ በቦታው አልነበረም። ከግጦሹ ወደ ውሃው ስንጠጋ ደንገልና ፊላ አለ። ደንገሉ ለታንኳ፣ ለጎጆ፣ ለምንጣፍ ይሆናል። ቀረሶ የሚራባው በዚሁ ለምለም ዳርቻ ውስጥ ነው፤ ከነጭ ዓሣው ብዙው ደግሞ በክረምት ማብቂያ ወንዝ ለወንዝ ወደ ላይ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል።

እንግዲህ በግንቦት ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ያንን ሜዳ ያየ ሰው ምን ያያል? ቤት የሌለበት፣ አጥር የሌለበት፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት። «ባዶ» ብሎ ቢጽፍ አይገርምም። ይኸው መሬት ግን በዓመት ውስጥ ዓሣ አርብቷል፣ ሽንብራ አብቅሏል፣ ከብት አብልቷል፣ ታንኳ ሰጥቷል። ቤት ያልተሠራበት ደግሞ በምክንያት ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ ውሃው ራሱ ነው፤ ሌላውና የከበደው ወባ ነው። የዳርቻው ገበሬ ቆላማውን ሜዳ የሚያርሰው ቀን ወርዶ ነበር፤ ማታ ጎጆው ወዳለበት ከፍታ ይመለሳል። ይህን ልማድ ስንፍና ወይም አጉል እምነት ያሉት እንግዶች ነበሩ። በ1950 ክረምት የተነሳው ወረርሽኝ ግን የልማዱን ትርጉም ለሁሉም አሳየ። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ድረስ በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አገሮች 3 ሚሊዮን ያህል ሰው በወባ ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። የጣና ዙሪያም ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር፤ ደምቢያ ከዚያ በፊትም የወባን እልቂት ታውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ዲዲቲ የሚረጨው፣ ሰዉ «ወባ ማጥፊያ» እያለ የሚጠራው ድርጅት የተቋቋመው። የባሕር ዳርን በሐይቁ ከንፈር ላይ መስፋፋት ስናስብ ፋብሪካውንና መንገዱን ብቻ አንቁጠር። ወባ ባይገታ ኖሮ ያ ሁሉ ሠራተኛ ከውሃው አጠገብ ሊያድር አይችልም ነበር።

አሁን ከዳርቻው ትንሽ ወደ ላይ እንውጣ፤ ወደ ሜጫ፣ ወደ ይባብ፣ ወደ መሸንቲ፣ ወደ ዘንዘልማ። እዚህ የአሰፋፈሩ አውራ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በአየር ፎቶው ላይ ክብ ሆኖ ጠቁሮ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ጥዱ። ከዚያ ክብ የሚነሱት የእግር መንገዶች በየአቅጣጫው ወደ መንደሮች ይበተናሉ። መንደር ስንል በአንድ ቦታ የታጨቀ ሠፈር አይደለም፤ አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ጎጆ በአንድ ጉብታ ላይ፣ ከጎኑ ጓሮ፣ በረትና ጎተራ፤ ከዚያ ማሳ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉብታ። ሰው «የየት ነህ?» ሲባል የሚመልሰው አጥቢያውን ነው። ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ ሰንበቴው፣ ዕርቁና የሽማግሌ ጉባኤው እዚያው ነው። የወረዳና የምክትል ወረዳ ወሰን ቢቀያየር አጥቢያው አይነቃነቅም ነበር።

ማሳውን የሚያከፋፍለው ደግሞ ርስት ነው። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በጥልቀት አጥንቷል። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። አንድ ሰው በመጀመሪያው አቅኚ አባት በኩል ትውልዱን ቆጥሮ እስካሳመነ ድረስ በብዙ ቦታ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ገበሬ መሬት በአንድ ቦታ አይገኝም፤ አንዱ ቁራሽ ዋልካ ላይ፣ አንዱ ቀይ አፈር ላይ፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ዳገት ላይ ይሆናል። ዋልካው ጤፍና ሽንብራ፣ ቀዩ ዳጉሳና ኑግ ያበቅላል። አንዱን በረዶ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። ሙግቱ ብዙ፣ ወጪውም ከባድ ነበር፤ ለሴቶች፣ ለእጅ ባለሙያዎች፣ ለእስላሞች ደግሞ በሩ ጠባብ ወይም ዝግ ነበር። ሥርዓቱን አላወድሰውም። ማለት የምፈልገው ግን እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ጢሻ ስምና ባለ መብት እንደነበረው ነው። ያ ሁሉ የተመዘገበው ወረቀት ላይ ሳይሆን በሽማግሌ አፍ ነበር።

ይህን ከሌላ አገር ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የሚባለው፣ እነ ኢሊኖይና አዮዋ ያሉበት አገር፣ በ1777 በወጣ ሕግ መሠረት በገመድና በመሥመር ተለክቷል። መሬቱ ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ተቆረጠ፤ እያንዳንዱም ወደ 36 እኩል ክፍል ተሸነሸነ፤ የአንዱ ክፍል ጎን አንድ ማይል ነው። መንገዱ መሥመሩን ተከትሎ ቀጥ አለ፤ ገበሬው ቤቱን በራሱ እርሻ መካከል ለብቻው ሠራ። የዛሬ 70 ዓመት የነበረውን አንድ የአዮዋ ወረዳ ከሰማይ ብታዩት የዳማ ሰሌዳ ነው። ልኬታው ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን የተሠመረው የቀደሙት ነባር ሕዝቦች ሲያድኑበት፣ ሲያርሱበትና ሲኖሩበት በቆየ ምድር ላይ ነው። ያም መሬት ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ባለቤቱ በመዝገብ ያልተጻፈ መሬት ለቀያሹ ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ቃላድ ተጥሎ መሬቱ በጋሻ ተለክቷል። ጎጃም ግን አልተለካም፤ ያልተለካውም ስለ ተረሳ ሳይሆን ስላልፈቀደ ነው። ከጣልያን መውጣት በኋላ በ1934 እና በ1937 የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች እዚህ አገር ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። በኅዳር 1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ገበሬው በብዙ ወረዳ በግልጽ ሸፈተ። ግብሩ ራሱ ከባድ ሆኖ ብቻ አልነበረም፤ ገማችና መዝጋቢ ማሳው ውስጥ ከገባ ነገ ቃላድ ይከተላል፣ ከነገ ወዲያ ርስት ይነጠቃል የሚል ሥጋት ነበር። ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሱ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የጎጃም ገበሬ ርስቱን ከቃላድ አዳነ። ይህ ድል ግን ዋጋ አስከፍሎታል፤ የመብቱ ማስረጃ በወረቀት ስላልሰፈረ ከተማው ሲመጣበት የሚያሳየው ካርታ አልነበረውም።

በዳርቻው ከዚህ የተለየ ኑሮ የነበራቸው ሁለት ማኅበረሰቦች አሉ። አንዱ ዘጌ ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። ባህሉ ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ቃል እንደሆነ አገሬው ይናገራል። ሰዉ የሚኖረው በጫካው ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው፤ እህሉን ከገበያ ይሸምታል። እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉበት ያ ጫካ ከአየር ሲታይ ማንም ያልነካው ዱር ይመስላል። በእርግጥ ግን ለዘመናት በእጅ የተያዘ፣ የተኮተኮተ፣ የተወረሰ የቡና ማሳ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ይህ ቡና እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበትም ለምቷል። ስለ ዘጌ ውበት ስንናገር እነሱን መዝለል ተገቢ አይሆንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለባሕር ዳር ገበያ ማገዶና ቡና የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ ይነሱ ነበር። ገበያው ቤተ ክርስቲያኑን ያህል ሰውን የሚያገናኝ ነገር ነበርና ደጋውም፣ ደሴቱም፣ ጫካውም እዚያ ይተያያል።

ሌላው የወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ታንኳውን የሚሠራው፣ ጉማሬ የሚያድነው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርበው እሱ ነበር። ሐይቁን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቺዝማንም ሆነ ሌላው መንገደኛ ጣናን የተሻገረው እነሱ በሠሩት ታንኳ ነው። ጎጆአቸው ከደንገል፣ ከውሃው ጥግ፣ ሐይቁ ሲሞላ የሚነሳ፣ ሲጎድል የሚከተል ነበር። ርስት ግን አልነበራቸውም። በአቅኚ አባት አይቆጥሩም፤ በአጥቢያ አይመዘገቡም፤ ብዙው ሰውም ያገላቸው ነበር። ስለዚህ በሽማግሌው አፍ መዝገብ ውስጥም፣ በመሐንዲሱ ካርታ ውስጥም ቦታ አጡ። ከተማዋ ስትሰፋ ከሐይቁ ዳር መጀመሪያ የተገፉት እነሱ ናቸው፤ ካሣ የሚጠየቅበት ወረቀት የያዘ አልነበረምና።

ወደ ከተማዋ እንምጣ። በ1920ዎቹ ባሕር ዳር ማለት የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን የከበቡ የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ የሐይቁ መውጫና ገበያው ነበሩ። ሽምብጥ ሌላ የገጠር መንደር ነው። አባይን የሚሻገር ሰው በታንኳ ይሻገራል። በ1928 ከጎንደር የወረደው የጣልያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር ደርሶ ቦታውን ሲይዝ ነገሩ ተለወጠ። ጣልያኖች የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የጦር ሠፈር፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ፤ በጎርጎራና በባሕር ዳር መካከል የሞተር ጀልባ አስኬዱ። በአንድ በኩል ታንኳ፣ በሌላ በኩል ሞተር ጀልባ፤ በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሌላ በኩል ሽቦ የታጠረ ካምፕ፤ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1933 ሲወጡ ሐይቁን ከጎንደር ጋር ያያያዘ መናኸሪያ የመሆን ዕድል ለቦታው ትተውለት ሄዱ።

እውነተኛው ለውጥ ግን የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በ1948 ኢትዮጵያና ጣልያን በጦር ካሣ ተስማሙ። ከዚያ ካሣ የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠሩ። ፋብሪካው በ1953 ሥራ ጀመረ። ከሸማኔው ቤት የማይወጣ ድርና ማግ ለለመደ አገር፣ በፉጨት ድምፅ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ አዲስ ሰው ነው። ከሜጫም ከፎገራም ከደብረ ታቦርም የመጣው ወጣት ደመወዝ ቆጥሮ ቤት ተከራየ። ድልድዩም አባይ ላይ ተዘረጋ፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ መጥቶ ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ አለፈ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። በ1956 የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ሲነሳ ፋብሪካው መብራቱን ከፏፏቴው አገኘ። ጥቂት ቆይቶ በ1960ዎቹ የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚው ታከለ፤ ሁለቱ ተቋማት በ1992 ተዋሕደው ዛሬ የምናውቀው ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል።

በዚያው ሰሞን ከምዕራብ ጀርመን በመጡት በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመራ ቡድን የከተማዋን ማስተር ፕላን ሠራ። ዛሬ የምንመካባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ አስተሳሰብ ፍሬ ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር ሲባል የምንሰማውም ስለዚሁ ዘመን ነው፤ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራታቸው ለወሬው ጉልበት ሰጥቶታል። ፕላኑ አርቆ ያየ ነው፤ አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች ያላገኙትን ዕድል ለባሕር ዳር ሰጥቷል። ጉድለቱ ከየት እንደሚጀምር ግን ካየነው ታሪክ ይታወቃል። ጎዳናው የተሠመረበት ቦታ የሰው ጓሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ የከብት ማሰማሪያ፣ የወይጦ ሠፈር ነበር። ፕላኑ ቤቶቹን ሲቆጥር መሬቱ የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች አልቆጠረም። ከከተማዋ ጋር የተገናኘው ገጠር በሰነዱ ውስጥ የወደፊት ማስፋፊያ ሆኖ ታየ፤ በዚያው ሰዓት ግን ሰው እያረሰው ነበር።

ስለ ሐይቁ የተጻፉት የውጭ ውሎችና ጥናቶችም በዚሁ ዓይን የተጻፉ ናቸው። በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት ውል ስለ ጣናና አባይ ውሃ ይናገራል። በ1913 የግራብሃምና የብላክ ቡድን ሐይቁን አጠና። በ1923 ጄ. ጂ. ዋይት የተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ መሐንዲሶቹን ልኮ ከመውጫው ላይ ግድብ የመሥራቱን ነገር መረመረ። ከ1950 እስከ 1955 ድረስ የአሜሪካ የመስኖ ልማት መሥሪያ ቤት መላውን የአባይ ተፋሰስ አጠና። የአንዳቸውም ሙያ የሚናቅ አይደለም፤ ዛሬም መረጃቸውን እንጠቀማለን። ነገር ግን በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ጣና በዋናነት የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ውሃው አንድ ሜትር ከፍ ቢል ምን ያህል ኪዩቢክ ሜትር እንደሚገኝ በጥንቃቄ ተሰልቷል። ያው አንድ ሜትር ስንት የሽንብራ ማሳ፣ ስንት ግጦሽ፣ ስንት የደንገል ቦታ እንደሚወስድ ግን የዚያን ያህል አልተሰላም። ስለ ደሴቶቹ ገዳማት ዕጣ ሥጋታቸውን ያነሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከ1967 በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስት ቀረ። ገበሬው ግብር ከሚያስከፍለው ባለ ጉልት ተላቀቀ፤ ለብዙ መሬት አልባዎች ፍትሕ ነበር። ማን የት ምን መብት አለው የሚለውን በአፍ ይጠብቅ የነበረው ሥርዓት ግን አብሮ ፈረሰ። ያልታረሰው ሁሉ ለሚቀጥለው አራሽ የሚሰጥ ትርፍ መሬት ተባለ። የመሬቱን መልክ ለውጥ በቁጥር ያሳየን አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ገቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ የደምበጫን አካባቢ በአየር ፎቶ አጥንተው፣ በ1950 ገደማ 27 በመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1974 ወደ 2 በመቶ፣ በ1987 ወደ 0.3 በመቶ እንደወረደ አሳይተዋል። የታረሰው መሬት በተቃራኒው ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ ወጥቷል። ያ ደን ባዶ ሆኖ ሳይሆን ማገዶ፣ ማር፣ ግጦሽና ምንጭ ሆኖ ይሠራ የነበረ ነው። የቀረልን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው፤ ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ደራሲነት የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለነዚህ ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ለዚህ ነው።

በሐይቁም ላይ ይኸው ሆነ። በ1988 በአባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ በር ተሠራ፤ በ1993 ጢስ አባይ ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ። የሐይቁ ሙላትና ጉድለት ከዝናቡ ብቻ ሳይሆን ከበሩ መከፈትና መዘጋት ጋር ተያያዘ። በ1995 ውሃው ከለመደው እጅግ ዝቅ ሲል የወጣውን የሐይቅ ወለል ሰው አረሰው። ከዚያ በኋላ ውሃው ሲመለስ ጠብ መጣ። ከ2004 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ደንገሉና ፊላው ይይዙት የነበረውን ዳርቻ ወረረው። ሐይቁ ዙሪያ የተመነጠረው ረግረግ አፈሩንና ማዳበሪያውን አጣርቶ የሚያስቀር መሆኑን የተረዳነው ከጠፋ በኋላ ነው። ከተማዋም አድጋለች፤ በ1987 ቆጠራ 96,140 የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1999 ቆጠራ 180,174 ደርሷል። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ደግሞ ከማዶ ያለውን መሬት ለሌላ ዙር ግንባታ ከፍቶታል። ዘንዘልማም መሸንቲም ዛሬ በፕላን ላይ እየተሠመሩ ነው። ያ መሬት አሁንም የሚታረስ፣ የሚጋጥ፣ የሚታጨድ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ያለፈውን ለመመለስ እዚህ አልቆምኩም። ርስት ይመለስ፣ ፋብሪካው ይዘጋ፣ ድልድዩ ይፍረስ የሚል የለም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ የ1920ዎቹንና የ1950ዎቹን የአየር ፎቶዎች ዩኒቨርሲቲያችንና ማዘጋጃ ቤቱ ተባብረው ለየቀበሌውና ለየትምህርት ቤቱ ያድርሱ። አንድ የሽምብጥ ተማሪ ሠፈሩ ከ70 ዓመት በፊት የነበረውን መልክ አይቶ ቢያድግ ነገ ፕላን ሲሠራ ዓይኑ ይለያል።

ሁለተኛው፣ የማሳና የጢሻ ስሞችን እንሰብስብ። የካቲት 1967 ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አዛውንት ናቸው። ማን የት ያርስ እንደነበር፣ የትኛው ጉብታ ላይ ወባ እንደማይደርስ፣ የጥቅምት ውሃ እስከየት ይመጣ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የወይጦን አዛውንት ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ስለ ሐይቁ የሚያውቁትን ማንም ጽፎት አልጨረሰም፤ ዳርቻው ላይ በሚወሰነውም ነገር ወንበር ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ለፕላን ባለሙያዎቻችንና ለአስተዳዳሪዎቻችን ነው። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የሰውና ባዮስፌር መዝገብ ላይ ሠፍሯል። መዝገቡ ብቻ ዳርቻውን አይጠብቅም። የጥቅምት ውሃ የሚደርስበትን መሥመር በመሬት ላይ በችካል እንምታ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሐይቁ ነው እንበል፤ ሆቴልም፣ መኖሪያ ቤትም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከዚያ አይለፍ።

በሚቀጥለው ፕላን ላይ «ክፍት ቦታ» የሚል ቃል ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ቀን በሰኔ፣ አንድ ቀን በጥቅምት፣ አንድ ቀን በየካቲት ሄዳችሁ እዩት፤ እዚያ ያገኛችሁትንም ሰው ምን እንደሚሠራበት ጠይቁት።